ለዕድርተኛ ወገኖቼ፦ ከዕጩነት ስላስወጣነው ሰው

ወገኖቼ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ባለፈው የዕድር ስብሰባችን ያደረግነውን ነገር በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ለገንዘብ ያዥነት ከተጠቆሙት አንዱን፣ የመዋጮ መዝገባችንን ለዓመታት ሲመረምር አንዲት ሳንቲም እንዳትጎድል የጠበቀልንን ጎረቤታችንን፣ በፈጣሪ መኖር እንደማያምን ስለሚታወቅ ብቻ ከዕጩነት አስወጣነው። «እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰውን አያፍርም» ሲባል አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ይህን የምጽፈው እምነቴን ትቼ አይደለም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ምጽዋትና ዘካ በሰፈራችን ስንቱን ችግረኛ እንደሚደግፉም አውቃለሁ። ነገር ግን እምነትን የታማኝነት ዋስ አድርገን ከቆጠርነው፣ ዋሱ ዕዳውን ለምን እንደማይከፍል ልንጠየቅ ይገባናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገራችን ሕዝብ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም መሆኑን ተናግሯል። ታዲያ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚጨምረው፣ ለበዓል የሚሸጠውን ቅቤ ከሙዝ ጋር የሚለውሰው፣ የጤፍ ዱቄት ውስጥ ጀሶ የሚደባልቀው ከየት የመጣ ሰው ነው? ሱቁን ሲከፍት የፈጣሪን ስም የሚጠራ፣ ዕድርም ማኅበርም ያለው የእኛው ሰው ነው።

«የኋለኛውን ፍርድ የማይፈራ ሰው ምን ያግደዋል?» የምትሉ አላችሁ፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ሲኦልን በመፍራት ብቻ እጁን የሰበሰበ ሰው ቅጣትን ፈራ እንጂ ስርቆትን ገና አልጠላም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕግን ትእዛዝ ከባሕርያቸው እንደሚፈጽሙና ሕጉ በልባቸው እንደተጻፈ መስክሯል። መጽሐፋችን ያልነፈጋቸውን እኛ በየትኛው ሥልጣን እንነፍጋቸዋለን?

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ፣ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ነው። ተማሪዎቹ አጭር ንግግር ለማድረግ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲሄዱ፣ አንድ ሰው በመተላለፊያቸው ላይ አቀርቅሮ እያሳለና እያቃሰተ እንዲጠብቃቸው ተደረገ። ከፊሎቹ ሊናገሩ የተዘጋጁት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። እጅግ ከተጣደፉት መካከል የረዱት 10 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጊዜ ከነበራቸው ግን 63 በመቶው ረድተዋል፤ ስለ ሳምራዊው ለመናገር መሄዳቸው ያመጣው ልዩነት ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የሚናገሩለት ምሳሌ ራሱ፣ ካህኑና ሌዋዊው ትተውት የሄዱትን ቁስለኛ ያነሣው አድማጮቹ በእምነቱ የሚንቁት ሰው መሆኑን የሚያስተምር ነው።

ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር የማስታውሰው የራሳችንን መንገድ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ከአዲሱ ግንባታ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ወድቆ ከጭቃው ዳር ተኝቶ ነበር። ነጠላችንን አጣፍተን ከቅዳሴ የምንመለስ ብዙዎች ነበርን፤ እኔ የጽዋ ማኅበር ረፍዶብኝ ስለነበር «እግዚአብሔር ይማርህ» ብዬ አለፍኩት፤ እየተራመድኩ ነው ያልኩት። ባጃጅ ለምኖ፣ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ የሰውየውን ጭንቅላት በጉልበቱ ደግፎ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ባለፈው ስብሰባ ያስወጣነው ጎረቤታችን ነው። ከመካከላችን «ምን ፈልጎ ይሆን?» ያሉ ነበሩ፤ ደግነቱን ከእኛ ማኅተም ውጭ ማየት ስላቃተን፣ በጎ ሥራውን ሳይቀር ወንጀል አስመሰልንበት።

ወገኖቼ፣ እምነታችሁን አጽኑት፤ የሌላውን ሰው ምግባር ግን በእምነቱ ሳይሆን በሥራው መርምሩት። እናንተ እናቶች፣ እናንተ አባቶች፣ ልጆቻችሁ ያንን ጭብጨባ ሰምተዋል። ምርጫው በመጪው ወር ስብሰባ እንደገና እንዲታይ ለዕድሩ ሊቀመንበር ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ስትመጡ የመዋጮ መዝገቡን ገልጣችሁ ተመልከቱት። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ቤቱ እሄዳለሁ። ያጨበጨባችሁ ሁሉ አብራችሁኝ ኑ።