እርማት፦ የወረደ ማኅደር ሙሉ መጠባበቂያ አይደለም

ወንድሜ፣ የደብረ ማርቆስ ቡድናችን በጎግል ዶክስ ያሰባሰበውን ቅኔ በጎግል ቴክአውት (የአካውንትን ይዘት በአንድነት ማውረጃ አገልግሎት) አውርደን በሌላ አካውንት ብንጭነው «ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል» ብለህ የጻፍኸው ብዙዎች የሚያምኑት ስሕተት ነው። ሰነዱ ወደ ወርድ ፋይል ተለውጦ ስለሚወርድ ጽሑፉ ይተርፋል እንጂ የለውጥ ታሪኩ በዚያ ፋይል ውስጥ አብሮት አይመጣም፤ በአንድ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት ቅኔ) ላይ «ሰረቀ» ተብሎ የተጻፈውን የኔታ ወደ «ሠረቀ» (በግእዝ ፀሐይ «ወጣ» ለማለት) ሲያቃኑት ስርቆት የመሰለን የፀሐይ መውጣት መሆኑን፣ ማን መቼ እንዳረመውም ጭምር የሚያሳየን ግን ያ ታሪክ ብቻ ነው፤ ለእኔ ከቅኔው ባልተናነሰ ውድ ነው። ዳግም የተጫነው አዲስ ፋይል ስለሚሆን የቀድሞው ሊንክ ወደ እርሱ አያደርስም፤ የማየትና የማረም ፈቃዱም ለየሰዉ እንደገና ይሰጣል። ስለዚህ አሮጌው አካውንት ከመዘጋቱ በፊት የዋና ዋናዎቹን እርማቶች የቀድሞ ይዘት ከታሪኩ እየገለበጣችሁ ለየብቻ አስቀምጡልኝ።