የውበት ሕክምና ቤት ለከፈታችሁ ወገኖቼ

ወገኖቼ ሆይ፣ የውበት ሕክምና ቤት መክፈት ነውር የለበትም። የብጉር ጠባሳ ያሳቀቀው፣ ያልፈለገው ፀጉር ያስቸገረው ወይም የፊቱ መጨማደድ ያስከፋው ሰው የሚረዳው ባለሙያ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ሰውን እየረዱ ኑሮን መምራትም የተከበረ ሥራ ነው። የምገሥጻችሁ ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራው ሕክምና ሆኖ ሳለ እንደ ፀጉር ቤት ስለምታስተዳድሩት ነው። ለስላሳ ሙዚቃ በሚሰማበትና ነጭ ፎጣ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ የሚወጋ መርፌም ቆዳን አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ደም ሥር ያገኛል፣ ካልተጠነቀቁለትም በሽታ ያስተላልፋል።

በየቀኑ የምትወጉት ቦቶክስ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው፣ የነርቭ ትእዛዝ ወደ ጡንቻ እንዳይደርስ የሚያግድ መርዝ ነው። ይህ መርዝ ተመጥኖ መድኃኒት የሆነው መጀመሪያ በዓይን ሕክምና በኩል ነው፤ በአሜሪካ ለዓይን መንሸዋረርና ለዓይን ቆብ መኮማተር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ በቅንድቦች መካከል ላለ መጨማደድ የተፈቀደው ግን ከ13 ዓመት በኋላ በ2002 ነው። መድኃኒቱ በትንሽ ጠርሙስ ደርቆ ይመጣል፣ በንጹሕ የጨው ውሃ ይበጠበጣል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ ዩኒት የሚባለው የአንዱ አምራች የመጠን መለኪያም በሌላው አምራች ዩኒት አይተካም። ታዲያ ገበያ ሲቀዘቅዝና የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ አንዱን ጠርሙስ ለብዙ ሰው ለማዳረስ ውሃ መጨመር፣ ከተበጠበጠ የቆየውን ትራፊ ለሌላ ደንበኛ ማስቀመጥ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ርካሽ ነው ብሎ ምንጩ ካልታወቀ ሻጭ መግዛት ያጓጓል። የዚህን መዘዝ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ አይተናል፤ ሐሰተኛ ወይም አያያዙ የተበላሸ መድኃኒት የተወጉ በ11 ግዛቶች የሚኖሩ 22 ሴቶች መታመማቸው ሚያዝያ ላይ ይፋ ሲሆን፣ ግማሾቹ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ዓይናቸው የደበዘዘ፣ የዓይን ቆባቸው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃታቸው ነበሩባቸው። ከዚያ በፊትም በ2004 በፍሎሪዳ ፈቃዱ የታገደ አንድ ሐኪም ለሰው የተፈቀደ ያልሆነ ጥሬ መርዝ ወግቶ አራት ሰዎች ሽባ ሆነው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ከአራቱ አንዱ ወጊው ራሱ ነበር።

ፊለር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችሁ ከቦቶክስ ይልቅ የምትደፍሩት እሱን ነውና። በብዛት የሚወጋው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ዝልግልግ ነገር ነው፤ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ከንፈርን ይሞላል፣ የጎደጎደ ጉንጭን ያነሣል። የደም ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን ደሙን ይዘጋል። ያን ጊዜ ቆዳው መርፌው ገና ሳይወጣ ሊነጣ ይችላል፤ ቆይቶ ሐምራዊ መረብ የመሰለ ዝንጉርጉር ቀለም ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከተለመደው በላይ ያማል። የተዘጋው ቧንቧ በቶሎ ካልተከፈተ ቆዳው ሊሞት ይችላል። በተለይ አፍንጫና የቅንድቦች መካከል ላይ የተወጋው ወደ ዓይን ደም ሥሮች ተገፍቶ ሰውን ሊያሳውር ይችላል። ይህን ፊለር የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት አለ፤ መሳቢያችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ኖሮም መጠኑንና አወጋጉን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ፊለር የመውጋት መብት የላችሁም። ደግሞም አስቡት፤ ከሰዓት በኋላ የተወጋች ሴት ማታ ደውላ «ከንፈሬ ቀለሙን ቀየረ፣ ያመኛል» ስትል ስልኩን የምታነሣው እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ናት። ልጅቱ ክፋት ሳይኖራት «እብጠት ነው፣ በረዶ ያዢበት፣ ጠዋት ነይ» ትላለች። ቅዝቃዜ ደም ሥርን ያጠብባል፣ እስከ ጠዋት ድረስም ሊድን ይችል የነበረው ቆዳ ሊሞት ይችላል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ለዚያ ስልክ ሐኪም ያላዘጋጀው ባለቤት ጥፋት ነው።

ሌዘርም የራሱ ጣጣ አለው። ፀጉር የሚያነሣው ሌዘር የሚሠራው በፀጉሩ ሥር ያለው፣ ለፀጉርና ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃኑን ውጦ ሲግል ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቆዳው ራሱ ያንኑ ብርሃን ስለሚውጥ ሊቃጠል፣ ሊጠቁር፣ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ሊጥል ይችላል። 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲያግ ሌዘር ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ የሚሆነው በሜላኒን እምብዛም ሳይዋጥ ጠልቆ ስለሚገባ ነው። አንድ መሣሪያ ገዝታችሁ ለመጣው ቆዳ ሁሉ የምትተኩሱ ወገኖች፣ የቆዳውን ዓይነት ሳይመረምሩና በትንሽ ቦታ ሳይሞክሩ መጀመር በሰው ገላ ላይ ዕድል መሞከር ነው። ቀላል የሚመስለው የማደንዘዣ ክሬም እንኳ ገድሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ የ22ና የ25 ዓመት ሁለት ሴቶች ለሌዘር ሲዘጋጁ እግራቸውን ክሬም ቀብተው በፕላስቲክ ከጠቀለሉ በኋላ ማደንዘዣው በብዛት ወደ ደማቸው ገብቶ ስለሞቱ ነው።

ንጽሕናን በተመለከተ ከአንድ ቤት ታሪክ በላይ አልጨምርም። በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የደንበኛን ደም ቀድቶ መልሶ ፊቷ ላይ በመርፌ የሚያስገባ፣ ፈቃድ የሌለው አንድ ስፓ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። መርማሪዎች ሲገቡ ስም ያልተጻፈባቸው የደም ብልቃጦች ማዕድ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከምግብ ጋር ተቀምጠው አገኙ። እዚያ ከታከሙት መካከል ኤችአይቪ የተያዙ ነበሩ፤ ሴቶቹ የሄዱት ፊታቸው እንዲያምር ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥፋት መርፌውን በያዘው ሰው ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ ቤቱ የሚተዳደርበት ሥርዓትም ይጋብዘዋል። ለወጊው ደመወዙን በሸጠው መርፌ ብዛት የምትቆርጡለት ከሆነ፣ «ይህ ላንቺ አያስፈልግም» የምትለው ቃል ከአፉ አትወጣም፤ ሕክምና ግን ያለዚያች ቃል አይኖርም። ብዙ ጊዜ ተሠርቶላት በምንም የማትረካ፣ ሌላው የማያየው ጉድለት እንቅልፍ የነሣት ደንበኛ ስትመጣ፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያ እንድታይ በርኅራኄ መንገር እንጂ ሌላ ፓኬጅ መሸጥ ጭካኔ ነው። ፊታቸው ገና አድጎ ያልጨረሰ ልጆችንም ተዉአቸው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ለውበት ሲባል ቦቶክስና ፊለር መውጋትን በሕግ ከልክላለች፣ ሕግ ባይኖር እንኳ ህሊና ይከለክላል። በሁለት ቀን ሥልጠና ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁም፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የፊትን የደም ሥሮችና ነርቮች አቀማመጥ ሳያጠና መርፌ ያነሣ ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል ቢቀልለት ምን እንደወጋ አያውቅም።

ተገልጋዮችም ከተግሣጹ አታመልጡም። ጫማ ስትገዙ የምታገላብጡትን ያህል ፊታችሁ ውስጥ የሚገባውን ጠርሙስ አታገላብጡም። ጠርሙሱ እያያችሁ ይከፈት፤ ስሙን፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፣ በመዝገባችሁ ላይም ይጻፍ። የሚወጋችሁ ሰው ሙያው ምን እንደሆነና ችግር ቢፈጠር በሌሊት ማን እንደሚመጣ ጠይቁ፤ በጥያቄያችሁ የተቆጣ ቤት ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። በዋጋ መከራከር ልማዳችሁ ቢሆንም በመድኃኒት ላይ ግን አትከራከሩ፤ በግድ ያስቀነሳችሁት ገንዘብ ከጠርሙሱ ውስጥ ሊቀነስባችሁ ይችላልና።

በመጨረሻ ስማችሁን ለምታከራዩ ሐኪሞች እናገራለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የማዝነው በእናንተ ነው። በወር አንድ ጊዜ ብቅ ብላችሁ ፊርማ የምታኖሩበት፣ ታካሚዎቹን የማታውቁበት፣ መሣሪያዎቹ ሲገዙ ያልተማከራችሁበት ቤት በእናንተ ፈቃድ ይሠራል፤ የሚገባው ሰውም «ሐኪም አለበት» ብሎ ተማምኖ ይተኛል። ታካሚውን ከመርፌው በፊት መርምሩ፣ ወጊዎቹን ቁማችሁ አስተምሩ፣ የሌሊቱን ስልክ እናንተ አንሡ። ጊዜው የሌላችሁ ከሆነ ፈቃዳችሁን ከዚያ ቤት ዛሬውኑ አውጡ፣ ማውጣታችሁንም ፈቃዱን ለሰጣችሁ አካል በጽሑፍ አሳውቁ።