ክርክር፦ 390 ግራም ዱላ በሐዋሳ አስፋልት ላይ

ነገሩ እንዲህ ነው። ለገና ከካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ሲመለስ አዲስ የበረዶ ሆኪ ዱላ ትቶልን ሄደ። ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ በቀላልነቱ ብዙ የተወራለት ነው። የአምራቹን ስም አንጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብን። ሐዋሳ ላይ በረዶ የምናየው ዓሣ በሚጫንበት ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ዱላውን የወሰዱት እሁድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ በሮለር ስኬት አስፋልት ላይ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። ሁለት እሁድ እንደተጫወቱበት ጭቅጭቅ ተነሣ። በአንድ ወገን ልጆቹን የሚያሠለጥነው ወጣት አለ። በሌላው ወገን እስከዛሬ የክትክታ ዱላ ሲሠሩላቸው የኖሩት አናጢ አሉ። በአፍ ሲከራከሩ ቡናው እየቀዘቀዘ ስላስቸገረን ጻፉልን አልናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ገንዘብ አዋጥተን እንዲህ ያለ ሌላ አምስት ዱላ እናስመጣ ወይስ ይቅር?

አሠልጣኙ

ዱላውን ከጨርቁ ሳወጣው “ግማሹን ረስቶት ሄደ እንዴ?” ነው ያልኩት። ሰፈር ያለው በርበሬ ቤት ወስደን ዲጂታሉ ሚዛን ላይ አጋደምነው። 390 ግራም። ቀጥለን ጋሼ የሠሩልንን የክትክታ ዱላ ጫንን። 810። ባለሱቋ ሳትቀር “ያኛው ፕላስቲክ ነው?” አለች።

የመጀመሪያውን እሁድ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ኳስ ሲመጣልኝ እንደለመድኩት ከሩቅ አነሣሁና ሰነዘርኩ። ዱላው ከኳሱ ቀድሞ ደረሰ። አየር ቀዘፍኩ። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። ልጆቹ ተንከተከቱ። እጄ ክብደት መጎተት ለምዷል፤ የሚጎተት ነገር ሲያጣ ግራ ገባው።

በሁለተኛው እሁድ ነገሩ ገባኝ። ኳሱን ግራ ቀኝ ማላወስ፣ ከሌላው እግር ሥር መንጠቅ፣ ዱላውን በአንድ እጅ ዘርግቶ መመለስ፣ ሁሉም ቀለለኝ። ድሮ ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ የእጄ አንጓ ይቃጠል ነበር። ማታ እንጀራ ስቆርስ እንኳን ይሰማኛል። አሁን የለም። ከልጆቹ መካከል አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች። ሁልጊዜ “ጎል ላይ ልቁም” ትላለች። በረኛነት የምትወድ ይመስለኝ ነበር። ቀላሉን ዱላ ስሰጣት ወደ ፊት ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ለካ የከበዳት ዱላው ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የድሮው የእንጨት የበረዶ ሆኪ ዱላ ከ600 ግራም በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሉሚኒየም መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዘንጉና ምላሱ አንድ ወጥ የሆነ የካርቦን ዱላ ገበያውን ገለበጠው። ምላስ የምለው ያን ጠፍጣፋውን ጫፍ ነው። ዛሬ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ እንጨት ይዞ የሚገባ ተጫዋች ብርቅ ነው። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን የሚበሉት በዱላ ነው። ሞኝ አይደሉም።

እናስመጣ ባይ ነኝ።

አናጢው

ልጄ፣ አየር መቅዘፍህን በገዛ እጅህ ስለጻፍከው እኔ እዚያ ላይ አልጨምርም።

ዱላውን አንድ ሌሊት አሳድረህልኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሜ አየሁት። ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን ስነቅለው ውስጡ ባዶ ነው። ቱቦ በለው። ግድግዳው ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አይወፍርም። ክሮቹ ተደራርበው፣ አንዱ ወደ ቁመቱ ሌላው አግድም ዞሮ፣ በሙጫ ታስረዋል። የሠራው ሰው እንጨት ያውቃል። ዛፍ በስንት ዓመት የሚያበጀውን ጅማት እሱ ፋብሪካ ውስጥ አበጅቶታል። ይህን አልክድም፤ እጁ ይባረክ።

ግን ዘንጉ ላይ 85 የሚል ቁጥር አለ። አይተኸዋል? እኔ ለካልጋሪው ልጅ ደወልኩለት። ፍሌክስ ይባላል አለኝ። ዘንጉን አንድ ኢንች ለማጉበጥ 85 ፓውንድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 38 ኪሎ ተኩል ገደማ። እነሱ ዘንድ የተለመደ ሒሳብ አለ። የተጫዋቹን ክብደት በፓውንድ ወስደህ ለሁለት ትከፍለዋለህ። 85 እንግዲህ ለ170 ፓውንድ ሰው፣ ለ77 ኪሎ ጎረምሳ የተሠራ ነው። የዚያችን ልጅ ኪሎ ታውቃለህ? እኔ ቤት ከሚመጡት ልጆችህ 50 የሚሞሉት ጥቂት ናቸው። ይህ ዱላ ለእነሱ አይጎብጥም። ካልጎበጠ ደግሞ ገንዘቡ የተከፈለበት ነገር ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል።

ምክንያቱም ምሥጢሩ መጉበጡ ላይ ነው። እነሱ የሚመቱት ኳስ አይደለም፤ ፓክ የሚሏት፣ እስከ 170 ግራም የምትመዝን ጥቁር የጎማ ክብ ናት። ከባዱን ምት ሲመቱ ዱላው መጀመሪያ የሚያገኘው ፓኩን አይደለም። ከፓኩ ትንሽ ወደ ኋላ በረዶውን ይገፋል፣ እንደ ደጋን ይጎብጣል፣ ተመልሶ ሲቃና ፓኩን ያስፈነጥራል። በረዶ ያንሸራትታል። አስፋልት ምን ያደርጋል? ይሞርዳል።

አሳጥሬ እሰጣታለሁ ብለህ አስበህ ከሆነም ተው። ያጠረ ዘንግ ይበልጥ ይገትራል። ይህን ለማወቅ ካልጋሪ መደወል አያስፈልግም።

ክብደት እኮ ጠላት አይደለም። መዶሻን አስብ። ሚስማር በቀላል መዶሻ የሚመታ ሰው ቶሎ ነው የሚደክመው።

ወደ ስብራቱ ልምጣ። ክትክታ ከመሰበሩ በፊት ይነግርሃል። ይንጣጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላላል። ሳምንት ይሰጥሃል። ካርቦን አንድ ቦታ ከተጎዳ ዝም ብሎ ይቆይና በማግሥቱ በትንሽ ምት ለሁለት ይሆናል። አምራቾቹ ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጡ የካልጋሪውን ልጅ ጠየቅሁት። ብዙዎቹ 30 ቀን ነው አለኝ። ልጄ፣ እኔ የሠራሁት የመጥረቢያ እጀታ በ30 ቀን ገና እጅ መልመዱ ነው። ያውም ከ300 ዶላር በላይ ለሚያወጣ ነገር! በዛሬው ምንዛሪ አንተው አባዛው።

አሠልጣኙ

ጋሼ፣ በፍሌክሱ ልክ ነዎት። ቁጥሩን አይቼው ነበር። የሞዴል ቁጥር መስሎኝ አለፍኩት። (ልጆቹ ይህን እንዳያነቡ እየጸለይኩ ነው።) ግን መልሱ “ይቅር” አይደለም፤ “ልካቸውን እናስመጣ” ነው። ለልጆች 50ም አለ፣ 65ም አለ። ዋጋውም ከአዋቂው ይረክሳል።

አስፋልቱ ይሞርዳል፣ እውነት ነው። ምላሱን በናስትሮ እንጠመጥመዋለን። ፈረንጆቹ የጨርቁን ዓይነት ነው የሚጠቀሙት፤ እኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን። በየእሁዱ አንድ ጥቅል ይበላል። እሺ፣ ወጪ ነው። ግን እኛ ያን ደጋን የሚያጎብጠውን ምት መቼ እንመታለንና? ጨዋታችን ማንከባለልና መቀባበል ነው። እዚያ ላይ የሚሠራው የእጅ ፍጥነት ነው።

በመዶሻዎ ግን አልስማማም። ሆኪ ሚስማር አይደለም። ዝዴኖ ቻራ የሚባለው የያኔው የቦስተን ተከላካይ እ.ኤ.አ. በ2012 በኤንኤችኤል የኮከቦች የክህሎት ውድድር ላይ ፓኩን በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ልኳታል። በካርቦን ዱላ ነው። ክብደት ኃይል ቢሆን ኖሮ በብረት ቧንቧ ይመቱ ነበር።

“ለበረዶ አገር የተሠራ ነገር እኛን ምን አገባን” የሚሉም አሉ። እርስዎ አላሉም፤ ሌሎች ብለውኛል። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተሠራ የበረዶ ሜዳ የኬንያ ሆኪ ቡድን አድጓል፤ አይስ ላየንስ ይባላሉ። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ድረስ ሄዶ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሮልናል። በሞቃት አገር መኖራቸው ማንንም አላገደም።

አናጢው

ቻራ! ልጄ፣ የሰውየው ቁመት 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ነው። ሊጉ ለሌላው 63 ኢንች የሚፈቅደውን ዱላ እንደሱ ላሉ ረጃጅሞች በልዩ ፈቃድ 65 ያደርግላቸዋል። እሱ የመጥረጊያ እንጨት ቢይዝም በረኛውን ያስበረግጋል። ዱላውን አታመስግን፤ እናቱን አመስግን።

የልጆቹ ይረክሳል አልክ። እሱንም ጠየቅሁ። የሚረክሰው ሲረክስ ይከብዳል አለኝ። ታዲያ ምን ልታስመጣ ነው? ከባድ ከሆነማ ክትክታው እዚሁ አለ።

ታሪክ ካነሣህ እኔም አንድ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ስታን ሚኪታ የሚባል ተጫዋች ነበር። ልምምድ ላይ የእንጨት ዱላው ምላስ ተሰንጥቆ ይጣመምበታል። ተናዶ ፓኩን ሲመታበት አበራረሯ ያልታየ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ምላሱን ሆን ብለው ማጣመም ጀመሩ። ዛሬ አንተ የያዝከው ካርቦን የተጣመመው ያ እንጨት ስለተሰነጠቀ ነው። የእኛ የገና ዱላ ደግሞ ከጥንትም ቆልማማ ነው። ቆልማማውን ከዛፉ ላይ መርጬ ነው የምቆርጠው፤ የጎደለውን በእሳት አለስልሼ እገራዋለሁ። መታጠፊያው ወደ ሌላ ጎን ነው ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ነው።

ባለፈው እሁድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስቆጥርህ ነበር። ከደረሱህ አሥር ኳሶች አራቱ ዱላህን ነክተው ሸሹ። ከባድ ዱላ ኳሱን ይቀበለዋል፤ እላዩ ላይ ይሞትለታል። የአንተው ያፈናጥረዋል። እጅህ ፈጠነ፤ ኳሱ ግን አልተቀመጠልህም።

ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ከምላሱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ ጥፍሬን ሳሳልፍ ያዘኝ። ለዓይን አይታይም። የስኬቱ ብረት የመታው ይመስለኛል። ቦታውን በጠመኔ አክብቤልሃለሁ። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባላል። 300 ዶላሩ የተሰበረበት ጌታ ግን ይቆጣል፤ ልጆቹን አስብ።

አሠልጣኙ

ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ዓርብ ደረሰኝ። እሁድ ዱላው ተሰበረ።

በጠመኔ ያከበቡት ቦታ ግን አይደለም፤ እሱ ደህና ነው። የሄደው ምላሱ ነው። ናስትሮው ከሥር አልቆ ኖሮ አስፋልቱ ጠርዙን በልቶታል። ጥቁሩ ሲሳሳ ከውስጥ እንደ አረፋ ያለ ነገር ብቅ አለ። ከዚያ ያቺ የ13 ዓመት ልጅ ኳስ ስትመልስ ከጫፉ አንድ መዳፍ የሚያህል ተገንጥሎ ወደ ቦዩ ተንከባለለ። ልጅቱ አለቀሰች። የእርስዎን “አይቆጡም ጌታ” ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፤ በእሷ ላይ ግን አይደለም። ለዋስትና እንዳልጠይቅ ደረሰኙ ካልጋሪ ነው፤ አስፋልት ላይ ተጫወትኩበት ብዬም ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

አምስቱን የማስመጣቱን ነገር ትቼዋለሁ። የቀረው ቃሌ ግን ያው ነው። አሁን የክትክታውን ስይዝ የውሃ ቧንቧ የያዝኩ ይመስለኛል። ልጅቱም ትናንት ተመልሳ ጎል ላይ ቆማለች። ለዚህ ምን ይላሉ?

አናጢው

ጎል ላይ ቆመች? ይህ አልተስማማኝም።

ዘንጉን እንዳትጥለው። ትናንት ማታ ለካልጋሪው ልጅ እንደገና ደወልኩ፤ መቼም ሰለቸሁት። ዱላው አንድ ወጥ ከመሆኑ በፊት እነሱም ዘንጉን ለብቻ፣ ምላሱን ለብቻ ነበር የሚገዙት አለኝ። ዘንጉ አሉሚኒየም ወይ ካርቦን፣ ምላሱ እንጨት። የምላሱ ጭራ ባዶው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ይይዘዋል። ሲያልቅ በእሳት አሙቀህ ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ። አሁንም እንዲያ የሚሠሩ አሉ አለኝ። ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት አንጨርስም ነበር።

ምላሱን እኔ እሠራዋለሁ። ክትክታ ለዚህ ይከብዳል፤ ዋንዛ እሞክራለሁ። ከሥሩ አስፋልት የሚበላው ቀጭን የቆዳ ጠርዝ አደርግለታለሁ፤ እሱ ሲያልቅ እሱን ብቻ እንቀይራለን። ግትርነቱን የማደርገው የለም፤ 85ቱ 85 ነው። ልጅቱ እስክታድግለት ድረስ ሳትመታ እያንከባለለች ትጫወትበት። ሚዛኑም 390 አይሆንም። 500 ላይ ከቆመ ደስ ይለኛል፤ በርበሬ ቤቷ ትንገረን።

ሰኞ እንጨት ፍለጋ ይርጋለም እሄዳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ዘንጉን ይዘህ ና። የተገነጠለውንም ቁራጭ ከቦዩ ፈልገህ አምጣው፤ ልኬቱን ከእሱ ነው የምወስደው።