የጠበቀች አይጥ አራት ፍሬ ታገኛለች፤ የጠበቀ ልጅስ?

ጣና ዳር ቡና እየተጠጣ የቤቲንግ ወሬ ከተነሳ አንድ መልስ አይጠፋም፦ «የዘንድሮ ልጅ ትዕግሥት የለውም።» አሁን ደግሞ ሳይንስ ተጨምሮበታል። ልጁ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ ያገኘውን ማታ በትኬት ከጨረሰው፣ «ዶፓሚኑ ነው» ይባልለታል፤ ዶፓሚን ሽልማት እንድንፈልግ የሚገፋፋ የአንጎል ኬሚካል ነው።

ከመሬት ተነስቶ የመጣ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች አይጦችን አስመረጡ። አንዱን ዘንግ ሲጫኑ አንድ የምግብ ፍሬ ወዲያው፣ ሌላውን ሲጫኑ አራት ፍሬ፣ ግን ቆይቶ። ዶፓሚን በብዛት የሚደርስበት ኒውክሊየስ አኩምበንስ የተባለው የአንጎል ክፍል መሀሉ የተጎዳባቸው አይጦች መጠበቅ አቃታቸው። አንዷን ፍሬ መረጡ። በ2007 እዚያው የተሠራው ጥናት ደግሞ የበለጠ ይገርማል። አይጦቹ ምግብ ለማግኘት መብራት እስኪበራ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሳይበራ የሚቸኩሉት በዚሁ የአንጎል ክፍል ያላቸው የዶፓሚን ተቀባይ (ዶፓሚን የሚያርፍበት የሕዋስ ክፍል) አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ። ኮኬይን ገና ሳይቀምሱ ማለት ነው! ሲሰጣቸው ከሌሎቹ አብልጠው ወሰዱ። (የእኛው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ዶፓሚን ነው የሚያስለቅቀው።) ልጁን «ባለጌ» ብሎ ከመስደብ ይህን ማወቅ ይሻላል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሣጥን ውስጥ የጠበቀች አይጥ አራቱን ፍሬ ታገኛለች። ሁልጊዜ። «በጀት አልተለቀቀም፣ ሰኞ ተመለሺ» የሚላት የለም። እዚህ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆመው፣ ተደራጅ ተብሎ ተደራጅቶ ብድር ሲጠብቅ ዓመት የሄደበት ስንቱ ነው? በዚያ ላይ ኑሮው። ዘንድሮ ያስቀመጣት ብር ለከርሞ ያንኑ ጤፍ አትገዛለትም። እንዲህ ሆኖ አንዷን ፍሬ አሁኑኑ መውሰድ የአንጎል ብልሽት ብቻ ነው? ስሌትም ሊሆን ይችላል።

ቤቲንግ ያዋጣል እያልኩ አይደለም። ቀበሌ 14 ወርዳችሁ አንዱ ውርርድ ቤት ግቡና ወለሉን እዩት፤ የተቀደደ ትኬት ነው። አምስት ጨዋታ ገብቶለት በስድስተኛው የተበላ ልጅ «ለጥቂት አመለጠኝ» እያለ ሌላ ይቆርጣል። የሚያተርፈው ቤቱ እንደሆነ እሱም አያጣውም።

ዘንጉን ግን አይጧ አልሠራችውም፤ የት እንደሚቀመጥም አልወሰነችም። የእኛን ፈቃድ ሰጪው ነው የሚወስነው። ቢያንስ ትምህርት ቤት አጠገብ ውርርድ ቤት አይከፈት። የወጣቶች ብድርም ቀኑ ይነገር፤ በተባለው ቀን ይለቀቅ። ያኔ በእውነት መጠበቅ ያቃተው ማን እንደሆነ መለየት ይቻላል።