ኮከቡ ወረደ፣ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይሄን ካልጻፍኩት ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁ፣ የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው፣ እዚህ ሐዋሳ፣ ባለ አራት ኮከብ ነው ብለን በተዋዋልነው የሆቴል አዳራሽ። ስሙን እዚህ አልጠራም። ሰርጉ ገና አላለፈም፣ ቀብዳችንም እነሱ እጅ ነው።

ኮከባቸው መውረዱን የሰማነው ከእነሱ አይደለም። የእህቴ የሥራ ባልደረባ በቴሌግራም ፎቶ ላከችላት። «ይሄ የእናንተ አዳራሽ አይደለም እንዴ?» ብላ። ፎቶው ላይ የሆቴሉ መግቢያ አለ። ከበሩ ጎን አራት የነሐስ ኮከብ ነበር። አሁን ሦስት ነው። አላመንኩም። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

እውነት ነው። አራተኛው የነበረበት ቦታ ላይ ቅርጹ ቀርቷል። የግድግዳው ቀለም ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፣ ኮከቡ የነበረበት ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሁለት የብሎን ቀዳዳ አለው፣ ከአንዱ ዝገት ወደ ታች ወርዶ ደርቋል። እላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰቅለውበታል። አበባው አልበቃም። ሁለቱ የኮከቡ ጫፎች ከሥሩ ወጥተው ይታያሉ። ቆሜ ሳየው ዘበኛው «እህት፣ ሰው ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? ኮከብ ነው የምጠብቀው?

እሺ፣ ወደ ሰኔ ልመልሳችሁ። ስንዋዋል እማዬ «ኧረ በሰው 1,800 ብር በዛ» አለች። የሽያጭ ሠራተኛዋ ምን እንዳለች ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «እናቴ፣ ባለ አራት ኮከብ እኮ ነን፣ ዋጋው የኮከቡ ነው» አለቻት። የኮከቡ ነው! ከራሷ አፍ የወጣ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ አዳራሽ በ1,300 አግኝተን ነበር። ኮከቡን ብለን ተውነው። እንግዲህ የኮከቡ ዋጋ በሰው 500 ብር ነው ማለት ነው። የተጠራው ሰው 350 ነው። 175,000 ብር ለኮከብ ብቻ።

ያውም 1,800ው ከሰርቪስ ቻርጅና ከቫት ውጪ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ትጨምራላችሁ፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ትጨምራላችሁ፣ አንድ ሰው 2,277 ብር ይመጣል። በ350 ስታባዙት 796,950 ብር። ለአንድ ምሳ! ዲኮሩን ሳይጨምር። ቪዲዮውን ሳይጨምር። ከውጭ ለምናስገባው ውስኪ በየጠርሙሱ የሚያስከፍሉንን ኮርኬጅ ሳይጨምር። የገዛ ውስኪያችንን ስለከፈትን ነው እኮ የምንከፍለው።

ቀብድ 300,000 ከፍለናል። ከእሱ ውስጥ 120,000ው የእማዬ እቁብ ነው። ዳኛውን ለምና፣ ተራ የደረሳትን ጎረቤቷን ለምና፣ ከሰው ቀድማ ያወጣችው እቁብ። ገና እየከፈለችው ነው።

ዛሬ እንግዲህ ለመደራደር ሄድን። ብቻዬን ብሄድ አይሰሙኝም ብዬ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ። በዚህ ከተማ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው። ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ባጃጅ ውስጥ «በረጋ መንፈስ ነው የምንነጋገረው፣ አንቺ ቶሎ አትቆጪ» እያሉ መከሩኝ።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁለት የእንግዳ ወንበር አለ። አንዱ ላይ የወንበር ልብስ ተከምሯል። ሌላው ላይ የላፕቶፕ ቦርሳው ተቀምጧል። ቦርሳውን አላነሳም። የ70 ዓመት አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ፊቱ ቆመዋል፣ ቦርሳው ተቀምጧል! ሰዓት አይቻለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቆሙት። እኔ ቦርሳውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ጋሼ በዓይናቸው «ተዪው» አሉኝ።

«ደረጃችሁ ስለወረደ ዋጋውን እንድንነጋገር ነው የመጣነው» አልኩት።

«ማነው ወረደ ያለሽ?»

«በራችሁ ላይ ያለው ሦስት ኮከብ ነው።»

«እሱ ዕድሳት ላይ ነው።»

«ኮከቡ ነው የሚታደሰው?»

ዝም። ስልኩን ነካካ። ለአንድ ሰው የድምፅ መልእክት ላከ፣ ስለ ጄኔሬተር ናፍጣ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ፋዘር፣ ኮከብ እኮ አይበላም። ምግቡ ያው ነው፣ አዳራሹ ያው ነው፣ ሐይቁም ያው ነው።»

ፋዘር! ጋሼን ፋዘር! እና ደግሞ ሐይቁም። የሐዋሳን ሐይቅ ራሳቸው የቆፈሩት ይመስል። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄጄ ጀበና ቡና እየጠጣሁ በነፃ የማየውን ሐይቅ ነው የሚቆጥርልኝ።

ጋሼ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ስትሸጡልን ኮከቡን ቆጥራችሁ ነው የሸጣችሁልን። ሲወርድ አይበላም ትላለህ?» አሉት።

ያ ልጅ ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? ፈገግ ብሎ፣ «ፋዘር፣ ውል ውል ነው። ካልተመቻችሁ መሰረዝ መብታችሁ ነው።»

ፈገግታው ነው የገደለኝ። ምን እያለ እንደሆነ ያውቃላ! ሕግ የተማረ የአክስቴ ልጅ ቀድሞ ነግሮኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 የቀብድ ነገር አለ። ውሉ ሌላ ነገር ካላለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ እሱ «ውላችሁን ሰርዣለሁ» ካለ 600,000 ብር ይከፍለናል። እኛ ካልን 300,000ው ይበላል። ኮከብ አይበላም ያለው ለዚህ ነው፣ የሚበላው ቀብዱ ነው። እኛ ተናደን እንድንሰርዝለት ነው የሚፈልገው። ጥር ላይ ያንን ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል።

«አታለሉን ብለን ብንከስስስ?» አልኩት የአክስቴን ልጅ። «ትችላላችሁ፣ የውሉ ራስጌ ላይ አራት ኮከብ ታትሟል፣ ማስረጃ ነው። ግን መዝገቡ ሳይዘጋ ሙሽራዋ ልጅ ትወልዳለች» አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ሸማች ስለሚገዛው ነገር ጥራት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት መብቱ ነው ይላል። መብቱማ አለ። ጥር ግን አይጠብቅም።

ቆይ፣ የተሰጠንን «ማካካሻ» ሳልነግራችሁ። ጋሼ ሲለምኑት (መለመናቸውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል) «እሺ ለእናንተ ስል ለሙሽሮቹ አንድ ሌሊት ክፍል በነፃ» አለ። ውሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተራ ቁጥር 6። «ለሙሽሮች አንድ ሌሊት ክፍል»። ሰኔ ላይ የሸጡልንን ነው ዛሬ በስጦታ የሚሰጡን! ጣቴን አስቀምጬ አሳየሁት። «አሃ» አለ። «እንግዲያው አሥር ደርዘን ውሃ።» የ175,000 ብር ኮከብ በውሃ ተመነዘረ።

ውሃ ስል አስታወሰኝ። ለቅምሻ የሄድን ቀን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ቧንቧው ደረቅ ነው። ጥጉ ላይ ሰማያዊ በርሜል፣ እላዩ ላይ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን። ሐይቅ ዳር ተቀምጠው! ያኔ ነው መንቃት የነበረብን። ዶሮ ወጡን እማዬ አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ሽንኩርቱ ጥሬ ነው» አለች። ሼፉ «አልጫ አድርገነው ነው» አላት። ዶሮ ወጥ! ለእማዬ! እሷ ሽንኩርት ስታቁላላ ሰፈሩ በሙሉ በወጡ ሽታ ነው የሚነቃው። ሊፍቱም በዚያን ቀን አይሠራም ነበር። «ዛሬ ብቻ ነው» አሉን።

ኮከብ እኮ ዝም ብሎ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም። መዛኝ ይገባል። ክፍሉን፣ ወጥ ቤቱን፣ ንጽሕናውን፣ የአደጋ ጊዜ መውጫውን፣ የሠራተኛውን ብቃት ያያል። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሆቴሎች ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት በመጡ ባለሙያዎች ሲመዘኑ ቅር ያለው ባለ ሆቴል ስንቱ ነበር። ዝም ብሎ ስለማይሰጥ ነው ቅር የሚላቸው። እና ሲወርድ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደጎደለ ንገሩን አልን። «የወረቀት ጉዳይ ነው» አለን። 350 ሰው አዳራሽ ውስጥ አስገብቼ እሳት ቢነሳ በየት ነው የምወጣው? ይሄም የወረቀት ጉዳይ ነው?

አስተናጋጁ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ስንወጣ ተከትሎን መጣና ሹክ አለኝ። ለስልጠና የሚመጡት መሥሪያ ቤቶች ኮከቡ እንደወረደ ደብዳቤ ጽፈው ዋጋ አስቀንሰዋል። ለእነሱ ተቀንሷል! የአበል ስብሰባ ላለው ይወርዳል፣ የእቁብ ብር ለያዘው አይወርድም።

ሲጨምርማ ማን ይቀድማቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ለውጥ የታወጀ ጊዜ አስታውሱ። ጓደኛዬ ሌላ አዳራሽ ተዋውላ፣ ቀብድ ከፍላ ነበር። «ገበያው ተቀይሯል» ብለው በሰው 200 ብር አስጨመሯት። ያኔ ውል ውል ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሰው ሲጎርፍ የአልጋውን ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ሳሎን ነው ያስተኛሁት። እዚህ ከተማ ዋጋ ወደ ላይ ብቻ ነው መንገዱን የሚያውቀው።

እና «ለምን አትቀይሩም?» ትሉኝ ይሆናል። ሰባት አዳራሽ ደውያለሁ። ከጥምቀት በኋላ ጾም እስኪገባ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ሁሉም ተይዟል። ያ የ1,300 ብሩ አዳራሽ «በመጋቢት ኑ» አለኝ። በዓብይ ጾም? ለሰርግ?

እማዬ «ድንኳን ይጣል» ትላለች። እኔ የተዳርኩት ሰፈር ውስጥ በድንኳን ነው። ጎረቤት ሽንኩርት ከትፎ፣ ዕድር ሰሃንና ወንበር አውጥቶ፣ ሰው ጠግቦ ነው የሄደው። ማንም ኮከብ አልጠየቀም። ግን እህቴ ሃይስኩል እያለች ጀምሮ በዚያ አዳራሽ በር ስታልፍ «የኔ እዚህ ነው» ትል ነበር። በዚያ ላይ የሙሽራው ወገን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ የመጡ ጊዜ አባዬ ደረቱን ነፍቶ «ባለ አራት ኮከብ ነው» ብሏቸዋል። አሁን በዚያ በር ሲገቡ የፕላስቲኩን አበባ ያያሉ። አባዬ ከሰማ ጀምሮ ስለ ሰርጉ አያወራም። ራት በልቶ ወደ መኝታው ነው።

እህቴ ማታ ደውላ «በቃ ተዪው፣ ሰው ይስቅብናል፣ እንክፈላቸው» አለችኝ። እያለቀሰች ነው። ሙሽራ ሁለት ወር ሲቀራት በአዳራሽ ታልቅስ?

ስንወጣ ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። ባጃጅ ውስጥ ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ብቻ «ያ ልጅ አባቱን ሳላስተምር አልቀረሁም» አሉ።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከሰኔ ወዲህ እዚያ አዳራሽ የተዋዋላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በስንት እንደተዋዋላችሁ፣ ከኮከቡ በኋላ ተቀንሶላችሁ እንደሆነ። ሦስት አራት ሙሽራ አንድ ላይ ብንሄድ «መሰረዝ መብታችሁ ነው» ማለት ይከብደዋል። የአክስቴ ልጅ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እየጻፈልን ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ደብዳቤ ከሠራ የእኛም ይሞከራል።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያው ነኝ። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል። በዚህኛው ግን ቆመው አይነጋገሩም። ቦርሳው ካልተነሳ ወንበር ከቤቴ ተሸክሜ እገባለሁ።