ቢላ ወጋው አይባልም

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ትልቅ እናት አርፈው ድንኳን ተተክሎ ነበር። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው የሄዱት። ስለዚህ ለቅሶው እስከ ቀብር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ካርታና ወሬ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውም ጨዋታ ይወዱ ነበር።

ድንኳኑ የመንገዱን ግማሽ ይዟል። እድሩ ሌላ ቦታ ከየት ያመጣል? ማታ ላይ አንዲት ቪትዝ እየተሽሎከለከች መጣችና ክላክሷን አንባረቀችው። ንፍሮ በትሪ ይዛ የምትሻገር ልጅ ደንግጣ ግማሹን ደፋችው። ቪትዟ ሄደች። ክርክሩ የተጀመረው ከዚህ ንፍሮ ነው።

ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ 20 ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። «ልጅቷስ ግራ ቀኝ አይታ አትሻገርም?» አለ ዓይኑን ከካርታው ሳይነቅል።

ጥግ ላይ ጡረታ የወጡ መምህርት ተቀምጠዋል። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው፤ ሾፌሩንም ጨምሮ። «ለቅሶ ቤት እኮ ነው ልጄ! እዚህም ዜብራ ይቀባላት?» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ የዛሬዋን አይደለም የማወራው» ብሎ ካርታውን ደፋው። ከዚያ የሆዱን ዘረገፈው። ቀለበት መንገድ ላይ ድልድይ ተሠርቶለት አጥር ዘሎ የሚገባ ሰው አለ። ያውም በሌሊት፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ስልክ እያወራ። «ከገጨሁት የምታሰረው እኔ ነኝ። ልጆቼ ናቸው የሚበተኑት። እሱ ሲዘል ማን ጠየቀው?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ውሸት የለውም። ያንን አጥር እኔ ራሴ አንድ ቀን ዘልዬዋለሁ። ሱሪዬ ተቀዶ ነው የወረድኩት።

መምህርቷ ግን አለቀቁትም። «የድልድዩን ደረጃ ቆጥረኸው ታውቃለህ? የኔ ጉልበት ቆጥሮታል። ለእግረኛ ነው የተሠራው ትላላችሁ። ለኔ ቢሆን ኖሮ እኔ መሬት መሬቱን እሄድና መኪናው ይወጣው ነበር። ሞተር ያለው እሱ ነው።»

ድንኳኑ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ።

አንድ ባሕር ዳር ያደገ ወጣት አለ። አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ ወዲህ በብስክሌት ነው የሚመላለሰው። እዚያ፣ አለ፣ ተማሪውም ነጋዴውም ብስክሌት ይነዳል፤ ባለመኪናውም ትናንት ብስክሌት ላይ ስለነበረ ይጠብቅሃል። እዚህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ደስ ብሎት ነበር። አሁን አንዱ ጋ መኪና ቆሞበታል፣ ሌላው ጋ ሞተር ይበርበታል። ከወራት በፊት አንድ ሰው የቆመ መኪናውን በር በድንገት ከፈተበትና ትከሻውን ተሰብሮ ሁለት ወር ተኛ። «ሰውዬው ያለኝ አንድ ቃል ነው። አላየሁህም።»

«ታዲያ ካላየህ ምን ይበልህ?» አለ ሾፌሩ።

«አላየሁም ካለ እኮ አመነ ማለት ነው» አለች ከሴቶቹ በኩል የተቀመጠች ጠበቃ። እስከዚያ ድረስ ቡና ስታድል ነበር። «በር ከመክፈቱ በፊት ማየት ነበር ሥራው።»

እሷ ስትገባበት ወሬው መልኩን ቀየረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ይናገራል። ተራው ቅጣት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ግን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ይሆናል። ሕጉ እዚህ ላይ ለምሳሌ የጠራው ሐኪምንና ሾፌርን ነው።

«ከሐኪም እኩል? እሰይ!» አለ ሾፌሩ።

«በደመወዝ አይደለም፣ በቅጣት ነው» አለችው። ጠጥቶ ወይም ደንብ መጣሱን እያወቀ ከገደለ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

አንድ ሽማግሌ ከወዲያ፣ «ኧረ ልጆች፣ አደጋ ነው። እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሳል? ሽማግሌ ይላካል፣ ዕርቅ ይወርዳል» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ሰው ዝም ይላል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እግዜር ተጠርቶ ማን ይከራከራል?

መምህርት ናቸው የሚከራከሩት። «መኪና ገጨው እንላለን» አሉ። «ቢላ ወጋው ግን አይባልም። እገሌ ወጋው ነው የሚባለው። መኪና ሲሆን ሰውየው የት ይገባል? ብቻዋን ነው የምትሄደው?»

ሾፌሩ ፈጠን ብሎ፣ «ጥይት መታው ይባል የለ እንዴ!» አላቸው።

«ይባላል። ግን ወዲያው ማን ተኮሰ ይባላል። መኪና ገጨው ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱስ በየት በኩል ተሻገረ ነው።»

እዚህ ላይ ሾፌሩ መልስ አጣ። ካርታውን አንስቶ እንደገና ደፋው። ከዚያ ሌላ ነገር ተናገረ፤ እኔ ደግሞ ዋናው ይሄ ነበር ብያለሁ። «ዜብራ ላይ ቆሜ አንዲት አሮጊት ሳሳልፍ ከኋላዬ ያለው ታክሲ ቀድሞኝ ተሳፋሪዬን ያነሳል። ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለብኝ። ካጎደልኩ ነገ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እናንተ ስለ ሕግ ታወራላችሁ፣ እኔን የሚያስሮጠኝ እሱ ነው።»

ለካ ባለ ሁለት ሚኒባስ ሰው እዚያው ካርታ ላይ ተቀምጠዋል። የዚህ ሾፌር አለቃ አይደሉም፤ ግን ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«እኔ መሪ አልያዝኩ» አሉ።

«ሕጉ መሪ የያዘ አይልም ጋሼ» አለች ጠበቃዋ። «ባለቤት ነው የሚለው።» በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ ተሰርቆበት ካልሆነ በቀር። ቁጥር 2086 ደግሞ ጥፋት የለብኝም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር ብሎ ማምለጥ እንደማይቻል ይናገራል። ከስርቆቱ ሌላ የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ ያም ካለና በተገኘው ልክ።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከእሷ በቀር የሰማ ያለም አይመስለኝም።

«ታዲያ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» አሉ ባለንብረቱ።

እንዲህ ሲሉ ጥሩ አላደረጉም። ጠበቃዋ ቁጥሩን አወጣችው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ፣ መድኑ ለሞተ ሰው እንዲከፍል የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለተጎዳ ንብረት ግን 100,000 ብር።

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሱቅ ውስጥ ከገባች 100,000፣ እኔ ውስጥ ከገባች 40,000?»

የሳቀ የለም። ጠበቃዋ፣ ይሄ የመድኑ ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ አይደለም፣ ቀሪውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል ብላ ልታረጋጋ ሞከረች። ባለንብረቱ ግን ቀሪውን የሚለው ላይ ፊታቸው ጠቆረ። ካርታው ተበተነ። ንፍሮ ያፈሰሰችው ልጅ ሌላ ትሪ ይዛ መጣች፤ አሁን ግራ ቀኝ እያየች።

እኔ ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ሾፌሩ ስለ እግረኛ ያለው እውነት ነው። ግን እኔ አጥር ስዘል የተቀደደው የኔ ሱሪ ነው። እሱ ሲያጠፋ የሚቀደደው የሱ አይደለም። 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 ሲሆን 8 ሜትር ነው። ሾፌሩ እኔን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ድረስ ያለችው ሰከንድ እሷ ናት። በዚያች ሰከንድ የሚሄደውን ሜትር እኔ ላሳጥረው አልችልም። እሱ ይችላል። ስለዚህ ሁለታችን ብናጠፋ እንኳ እኩል ልንጠየቅ አይገባም። ሕጉም እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ያላሰብነው እኛ ነን።

የሽማግሌውን ዕርቅ አልጠላሁትም። ቤተሰብ ቢታረቅ፣ ደም ባይቃባ ደግ ነው። ያ ግን በሁለት ቤተሰብ መካከል ያለ ነገር ነው። ነገ በዚያው ዜብራ የምታልፈው ልጅ ስትታረቅ አልነበረችም። መንጃ ፈቃዱ ከሰውየው ጋር ይቆይ ወይስ ይነጠቅ የሚለውን ሽማግሌ ሊወስንላት አይችልም።

ከሾፌሩ በላይ የከበደኝ ግን ባለንብረቱ ነው። ሾፌሩ ቢያንስ ይታሰራል፣ ያለቅሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። ያስሮጠው ሰው ግን ማንም ስሙን አይጠራም። የትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ አለመኖሩን እንጂ፣ ማታ ገቢ ሲቆጠር መኖሩን የሚጽፍ የለም። እኔ ብሆን አንድ ሰው በተገጨ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ይሆን ነበር፤ ለዚህ መኪና በቀን ስንት ነው የሚጠበቀው?

በማግስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ባለ ሁለት ሚኒባሱን ሰውዬ ችካል እየነቀሉ አገኘኋቸውና ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ገመዱን ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ድንኳኑን አጥፈን እስክንጨርስ ድረስ ግን ስንት እንደሚቀበሉ አልነገሩኝም።