ማስተካከያ፦ የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም

ስለ ሰሜን ሸዋ የዋሻ የሌሊት ወፎች ባጋራነው ጽሑፍ «ዕውር ስለሆኑ ባትሪ ቢበራባቸው አይረበሹም» ብለን ነበር፤ ስህተት ነው። በባለሙያዎች ተገምግመው የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዓይናቸው ይሠራል።

ነፍሳት በሊዎቹ በጨለማ የሚመሩት በድምፃቸው ማሚቶ ነው። አብዛኞቹ የሚለቁት ድምፅ ከ20 ኪሎኸርትዝ በላይ ስለሆነ ጆሯችን አይሰማውም። 1 ሜትር ርቃ ካለች የእሳት እራት ድምፁ ነጥሮ የሚመለሰው በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አዳኟ ስትቀርብ ጩኸቷ በሰከንድ 200 ገደማ ሊደርስ ይችላል። ፍራፍሬ በሊዎቹ ግን በብዛት የሚተማመኑት በማየትና በማሽተት ነው (ዋሻ የሚያድረው የግብፅ ፍራፍሬ በሊ ግን ምላሱን እያጮኸ ማሚቶውንም ያዳምጣል)።

ስለዚህ ዋሻ የምትገቡ ባትሪያችሁን ወደ ጣሪያው አታብሩ። መንጋው ደንግጦ ሲበር ያልጠኑ የሌሊት ወፍ ልጆች ሊወድቁ ይችላሉ።